ለጀማሪ የሚገባ፣ ለጎበዝ የማያልቅ ጌም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወታቸውን ጌሞች ከሚሠሩም ከሚጫወቱም ሰዎች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ጌም ለጀማሪ ቀላል፣ ለጎበዝ ደግሞ ጥልቅ መሆን ይችላል? አንዱ ሲጨምር ሌላው አይቀንስም?

ይችላል። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ገመድ ጉተታ ያየዋል፤ ወደ ጀማሪው ከተሳበ ጎበዙ ይጎዳል ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። ጀማሪን የሚያባርረው ነገርና ጎበዝን የሚያቆየው ነገር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል ይቻላል።

ሮኬት ሊግን ተመልከቱ። በ2015 የወጣ ጌም ነው። መኪና አለ፣ ትልቅ ኳስ አለ፣ ጎል አለ። አንዱ ጨዋታ 5 ደቂቃ ነው። እግር ኳስ አይቶ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። የመጀመሪያ ቀን ኳሱን ስትስቱት ትውላላችሁ፤ ግን ምን ልታደርጉ እየሞከራችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዓመት በኋላ ደግሞ መኪናዋን አየር ላይ እያበረራችሁ ኳሱን ጣሪያው ስር ትመታላችሁ። ለዚህ ብሎ የተጨመረ አዲስ አዝራር የለም። መዝለያውና ቡስቱ (ማፍጠኛው) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃችሁ ላይ ነበሩ። የተሻለ ሞተር ገዝቶ የሚቀድማችሁም የለም፤ መኪኖቹ በፍጥነት እኩል ናቸው።

«ጥልቀት» ማለት ከባድ መሆን ነው?

አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ጌም አበላሽቷል። ጥልቀት ማለት ሕጉን በደንብ ካወቃችሁት በኋላም የምታስቡበት ነገር አለማለቁ ነው። ውስብስብነት ደግሞ ለመጀመር ብቻ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ብዛት ነው። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ነው፤ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ግን አንድ የለመዱ አዛውንት ፊት ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። ጠጠራችሁን ጠራርገው ሲወስዱት ከየት እንደመጣባችሁ አታውቁም።

በሌላ በኩል ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ከ160 በላይ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ችሎታዎች አሉት። ጥልቅ ጌም ነው፤ ያንን የሚክድ የለም። ግን አዲስ ገቢ ገና ምንም ሳይወስን ብዙ መሸምደድ አለበት። ካውንተር ስትራይክ የተባለውን የተኩስ ጌም ከጎኑ ብታስቀምጡት ልዩነቱ ይታያል። አንዱ ቡድን ቦምብ ያጠምዳል፣ ሌላው ያከሽፋል፤ አለቀ። ጥልቀቱ ያለው በየዙሩ መሣሪያ የምትገዙበት የጌሙ ገንዘብ ላይ ነው። ኤኬ የሚባለው ጠመንጃ 2,700 የጌም ዶላር ነው። ባለፈው ዙር ተሸንፋችኋል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ደግሞ ትንሽ ነው። ያለችውን ሁሉ አውጥታችሁ አሁን ትሞክራላችሁ ወይስ በሽጉጥ ታልፉና ለሚቀጥለው ትቆጥባላችሁ? ይህን ጥያቄ አምስት ጓደኛሞች አብረው ነው የሚመልሱት። አንዱ «ልግዛ» ካለና አራቱ ከቆጠቡ ጉድ ይፈላል። ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ዓመታት ተጫውተውትም የሚጨቃጨቁበት ሰዎች አሉ።

ጀማሪዎች ቶሎ ትተው የሚሄዱት ስለሚሸነፉ ነው?

መሸነፍ ድርሻ አለው፤ ግን የሚገመተውን ያህል አይደለም። አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ የአክስቴን ልጅ ሰፈር ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ወሰድኩትና ፊፋ ተጫወትን። 6 ለ 0 ገረፍኩት። ፊቱ ሲጠቁር አየሁና «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አልኩት። «መሸነፉ አይደለም» አለኝ። «እኔ የትኛው እንደሆንኩ ነው ያላወቅኩት።» ለካ ከተጫዋቹ አናት በላይ ያለችውን ምልክት አላያትም። ጨዋታውን በሙሉ ጆይስቲኩን ሲጫን የነበረው በደመ ነፍስ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ምልክቷን አሳየሁት። 4 ለ 1 ተሸነፈ። ሦስተኛውን ጨዋታ ከራሱ ኪስ ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ የጀማሪ ነገር ሲነሳ የማየው ይህን ነው። ሰው ለምን እንደተሸነፈ ካወቀ ተመልሶ ይመጣል። ካላወቀ ጌሙ ያጭበረበረው ይመስለዋል። ኮል ኦፍ ዱቲ ስትሞቱ አሟሟታችሁን በገዳያችሁ ዓይን የሚያሳያችሁ ለዚህ ነው። «ከየት ተኮሰብኝ?» የሚለው ጥያቄ እዚያው መልስ ያገኛል።

ራንክ (የተጫዋቾች ደረጃ) እንዴት ነው የሚሠራው?

ሥሩ ቼዝ ነው። አርፓድ ኤሎ የተባለ ትውልደ ሃንጋሪ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር የቼዝ ተጫዋቾችን በነጥብ የመለካት ዘዴ አወጣ። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽንም በ1970 ተቀበለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሁለት ሰዎች የነጥብ ልዩነት ማን የማሸነፍ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ልዩነቱ 200 ከሆነ የበላዩ ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ያህሉን ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል። 400 ከሆነ ወደ 91 ይደርሳል። ትልቁን ስታሸንፉ ብዙ ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ትንሹን ስታሸንፉ ጥቂት።

ቼዝ ግን አንድ ለአንድ ነው። ቡድን ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ትሩስኪል የሚባል ዘዴ የሠራውም ስለዚህ ነው። ይህኛው የእናንተን ችሎታ ከመገመት አልፎ ግምቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነም ይመዘግባል። አዲስ ሰው ላይ እርግጠኛ ስላልሆነ ነጥቡን ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅሰዋል። ብዙ የተጫወተ ሰው ላይ ግን ይረጋጋል።

ችግሩ ተጫዋች ሲያንስ ነው የሚመጣው። እኩያ ለማግኘት ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ከሌለ ወይ ትጠብቃላችሁ ወይ ከማይመጥናችሁ ጋር ትገባላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሦስተኛ ጣጣ አለበት፤ ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ነው። በነጥብ እኩያችሁ የሆነ ሰው ሰርቨሩ ጎረቤቱ ከሆነ እኩያችሁ አይደለም። እናንተ ተኩሳችሁ መልእክቱ መንገድ ላይ እያለ እሱ ጨርሷል።

ጓደኛዬ በጣም ይበልጠኛል። አብረን ፈታ ብለን መጫወት የምንችልበት ዲዛይን አለ?

መፍትሔውን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፦ «ሁለት ጎል ልስጥህ!» በሩቅ ምሥራቁ ጎ ጨዋታም ደካማው ወገን ተጨማሪ ጠጠሮች ሰሌዳው ላይ አስቀምጦ ይጀምራል። ጨዋታው ራሱ ሳይቀየር መነሻው ብቻ ይቀየራል። ለጎበዙም የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል። ለምን ብዙ ኦንላይን ጌሞች ይህን ምርጫ እንደማይሰጡ አይገባኝም።

ሌላው መንገድ ሚናዎችን መለያየት ነው። በ2016 በወጣው ኦቨርዋች ሜርሲ የምትባል ሐኪም አለች። የምታክምበት ጨረር ጓደኛዋን ከያዘ በኋላ ራሱ ይከተለዋል፤ የዓላሚ ዓይን አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የት መቆም እንዳለባት፣ መቼ መሸሽ እንዳለባት ማወቅ ነው። እጁ ያልፈጠነ ሰው ቡድኑን በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። «አንተ ዝም ብለህ ተከተለን» ከሚባል ይህ ይሻላል።

ጌም ውስጥ ዕድል ለምን ይገባል? ውድድሩን አያበላሽም?

የትኛው ዕድል እንደሆነ ይወስነዋል። ከውሳኔ በፊት የሚመጣ ዕድል አለ፣ ከውሳኔ በኋላ የሚመጣ ዕድል አለ። ካርታ ስትጫወቱ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ካርታ የዕድል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያላችሁን ይዛችሁ ታስባላችሁ። ይህ ዕድል ጥልቀትን አይቀንስም፤ እንዲያውም ሽምደዳን ይሰብራል። ቦቢ ፊሸር በ1996 ያስተዋወቀው ቼዝ የኋለኛውን ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረድረው ለዚህ ነው። አከፋፈት ሸምድዶ የመጣ ሰው ራቁቱን ይቀራል። የኛው የድሮ ቼዝ ሰንጠረዥም የራሱ ዘዴ ነበረው። ጨዋታው በወረራ ይጀመርና የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። እስቲ ያንን ሸምድዱ!

ከውሳኔ በኋላ የሚመጣው ዕድል ነው የሚያናድደው። በ2008 በወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ብሮል ገጸ ባሕርዩ ሲሮጥ አንዳንዴ ያለምክንያት ይደናቀፍ ነበር። በትክክል አስባችሁ፣ በትክክል ተጭናችሁ፣ ዱብ። ጀማሪውም ቢሆን ከዚህ ምንም አልተጠቀመም፤ እሱም ይደናቀፋል። በሚቀጥለው ጌም አወጡት።

ማሪዮ ካርት የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሰማያዊ ቅርፊት መሃል ላይ ናት። ከማሪዮ ካርት 64 ጀምሮ አለች። ከኋላ ያለው ሰው ይልካታል፣ አንደኛውን ፈልጋ ትመታለች። ጎበዞች ይረግሟታል። እኔ ግን ለዚያ ጌም ትክክል ናት ባይ ነኝ፤ ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ሲጫወት አራተኛው ጆይስቲኩን ጥሎ እንዳይነሳ ታደርጋለች። ሰፈራችን ጆተኒ ላይ ደግሞ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነበር፤ «ማሽከርከር የለም!» ብረቱን አሽከርክሮ ያገባ ጎሉ አይቆጠርለትም። ማሽከርከር ቢፈቀድ መከላከልና መቀባበል ማን ይማር ነበር? አንድ ሰፈር አንድ ምርጫ፣ ሌላው ሌላ። ዋናው ነገር ጌም የሚሠራ ሰው ለየትኛው ሰፈር እየሠራ እንደሆነ ማወቁ ነው።

አዝራሮችን ማቅለል ዓመታት የለፉትን አይበድልም?

የድብድብ ጌሙ ስትሪት ፋይተር 6 በ2023 ሲወጣ ይህ ጭቅጭቅ ጦፎ ነበር። በድሮው መንገድ የእሳት ኳስ ለመወርወር ወደ ታች፣ በሰያፍ፣ ወደ ፊት አዙራችሁ ቡጢ ትጫናላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የቆረጠው። አዲሱ «ሞደርን» የተባለው አጨዋወት ያንኑ በአንድ አዝራር አደረገው። ዋጋው ግን አለ። በአቋራጭ የተወረወረ ልዩ ምት ጉዳቱ ከመደበኛው 80 በመቶ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ተራ ምቶችም ከነጭራሹ የሉም። ሁለቱ ዓይነት ተጫዋቾች እዚያው አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

የነባሮቹ ቅሬታ መሠረተ ቢስ አይደለም። አየር ላይ ዘሎ የሚመጣን ሰው በአንድ አዝራር መመለስ ከማዞሩ ይፈጥናል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ግን ጥያቄውን ገልብጡት። የዚህ ጌም ጥልቀት የት ነው ያለው? ርቀት መለካት ላይ፣ የተቃራኒውን ሐሳብ ማንበብ ላይ ነው። ጣት ማዞሩ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ቢነሳ ቤቱ አልፈረሰም። ጥሩ የሞደርን ተጫዋች ሲያሸንፋችሁ አዝራሩ አይደለም ያሸነፋችሁ፤ መዝለላችሁን ቀድሞ ማወቁ ነው።

ፎርትናይት ግንባታውን ለምን አነሳ?

ፎርትናይትን ከሌሎቹ የተኩስ ጌሞች የለየው ግንባታው ነበር። ተኩስ ሲመጣባችሁ ግድግዳ ታቆማላችሁ። መጀመሪያ ላይ ማንም ይችለው ነበር። ቆይቶ ግን ጎበዞቹ በጥቂት ሰከንድ ፎቅ የሚሠሩ ሆኑ፤ አዲስ የገባ ሰው የሚያየው ሰማይ ላይ የወጣ የእንጨት ማማ ብቻ ሆነ። የጌሙ ሠሪ ኤፒክ መጀመሪያ በ2019 ሁለት ሰው የሚያሽከረክረው ግዙፍ ሮቦት አስገባ። ደካማውም ሰው እንዲያሸንፍ ነበር ሐሳቡ። ጎበዞቹ አበዱ፤ ለውድድር የማይመች፣ መልስ የሌለው ነገር ነበርና። ትክክል ነበሩ። የሮቦቱ ስህተት ጀማሪውን አለማስተማሩ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ኃይል አበድሮ መልሶ ይቀማዋል።

በመጋቢት 2022 ሌላ መንገድ ሞከሩ። ግንባታውን ለጥቂት ቀናት ከዋናው ጌም አነሱት፤ ከዚያ ግንባታውን መልሰው ያለግንባታ የሚጫወቱበትን ለብቻው ቋሚ አደረጉት። በግድግዳው ምትክ ፈጣን ሩጫ፣ አጥር ላይ መንጠልጠልና ራሱን የሚሞላ ተጨማሪ ጋሻ ሰጡ። ከተኩስ የማምለጥ ጥያቄው አልጠፋም፤ መልሱ ከጣት ወደ እግር ወረደ። እኔን ካነበብኳቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በጣም ያስደነቀኝ ይህ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ሜዳን ለሁለት መክፈል የሚችለው ሕዝብ ያለው ነው። ሁለት መቶ ተጫዋች ያለው ጌም ለሁለት ቢከፈል ሁለት ባዶ ሜዳ ነው የሚተርፈው።

ጀማሪን ሳይነግሩ ከቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር ማጫወት ማታለል አይደለም?

ሳይነግሩት ከሆነ፣ በእኔ ሚዛን አዎ። ቦቱ ራሱ ችግር የለበትም። የመጀመሪያ ጨዋታውን ከቦት ጋር ያደረገ ሰው መሣሪያውንም ካርታውንም ይለምዳል። ችግሩ አሥር ጊዜ አሸንፎ ጀግና ነኝ ብሎ ካሰበ በኋላ እውነተኛ ሰው ሲገጥመው ነው። ያን ቀን የሚወድቀው ከከፍታ ነው። በግልጽ ጻፉለት፤ አይከፋውም።

በገንዘብ ኃይል መግዛት ጀማሪውን አያግዘውም?

አያግዘውም፤ ምክንያቱም ጎበዙም መግዛት ይችላል። ጎበዙ ሲገዛ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። በፊፋ አልቲሜት ቲም የተጫዋች ካርዶች ያሉባቸው ሳጥኖች በገንዘብ የሚገዙበት ነገር ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ቤልጂየም ገንዘብ ከፍሎ ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ ሳጥን መክፈትን ቁማር ብላ በ2018 ስለፈረጀችው፣ ሳጥኖቹ የሚገዙበት የፊፋ ነጥብ ሽያጭ እዚያ አገር በ2019 መጀመሪያ ቆሟል። ልብስና ቀለም ይሸጥ፤ ጉልበት አይሸጥ።

አንዱ ገጸ ባሕርይ በጀማሪዎች እጅ ደካማ፣ በባለሙያዎች እጅ አስፈሪ ከሆነ ለማን ይስተካከላል?

ይህ ሠሪዎችን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ላይ ራይዝ የሚባል ጠንቋይ አለ። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ሲጫወቱበት የራሱን ቡድን በአስማት ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥላል። እኛ ተራዎቹ ይዘነው ስንገባ ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን። ብታጠነክሩት የጌሙን የዓለም ዋንጫ ይቆጣጠራል፤ ብታደክሙት ሕዝቡ ይረሳዋል። ተደጋግሞ የተቀየረውም ለዚህ ነው።

የጌሙ ሠሪ ራያት በ2019 ያወጣው አሠራር ተጫዋቾችን ለአራት ይከፍላል፦ አማካዮቹ፣ የለመዱት፣ ቁንጮዎቹና ባለሙያዎቹ። ከአራቱ በአንዱም ቢሆን ከልክ በላይ የበረታ ይቆረጣል። ደካማ የሚባለው ግን በአራቱም ደካማ ሲሆን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በሁሉም ገጸ ባሕርይ እኩል እንዲሆን አይጠበቅም። ብልሃቱ ያለው ቁጥሩን ከመንካት በፊት ምቱን መለየት ላይ ነው። ጀማሪ የሚያገኘውንና ባለሙያ ብቻ የሚያገኘውን ምት ለዩ፤ ባለሙያው ብቻ የሚጠቀምበትን ቀንሱ፣ ጀማሪው የሚይዘውን ጨምሩ። ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ለማስታረቅ የሞከረ ሁለቱንም ያስቀይማል።

ተጫዋቾች ያላሰብነውን ብልሃት ቢያገኙ እናጥፋው ወይስ እንተወው?

በስትሪት ፋይተር 2 ላይ ምት ከምት ማያያዝ የታቀደ አልነበረም። ሠሪዎቹ በፍተሻ ላይ አዩት፣ ተዉት። የ1991 ያ አጋጣሚ ዛሬ የዘርፉ ሁሉ መሠረት ነው። በሌላ በኩል የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች እየዘለሉ ፍጥነት መጨመርን ሲያገኙ ጌሙ በአፕዴት ገደበው፤ ጥይት ለመተኮስ መቆም ያለበትን ጌም ወደ ፌንጣ ውድድር ሊቀይረው ነበርና።

እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሚደረግበት ሰው መልስ አለው? ሌላ ምርጫዎችን ይጨምራል ወይስ ያለውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል? መልስ ካለውና ምርጫ ከጨመረ ተዉት፤ ልምምዱ ውስጥም አስገብታችሁ ለሁሉም አስተምሩት። ዩቲዩብ ላይ ብቻ የሚገኝ ብልሃት ለጀማሪው ሌላ ዘበኛ ነው።

ትንሽ ቡድን ነን፤ ከየት እንጀምር?

ራንክ አትሥሩ። ሰው ሳይኖር ራንክ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ወንበር መቁጠር ነው። በአንድ ስልክ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወተውን ሥሩ፤ ሰርቨርም አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔትም ቢጠፋ አይቆምም።

ከዚያ ስልኩን ለማያውቀው ሰው ስጡና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ አፋችሁን ይበላችኋል። ቀና ብሎ እናንተን ባየ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ፤ ጌሙ ያልነገረውን ከእናንተ እየጠየቀ ነው። አንድ ጓደኛዬ የሠራውን ጌም ለእህቱ ሲሰጣት ከጎኑ ነበርኩ። በ12ኛው ሰከንድ ቀና አለች። እሱ የሚጨነቀው የመጨረሻው ደረጃ ስለከበደ ነበር። እሷ ግን ገና አልገባችም፤ «ጀምር» የሚለው ትልቁ አዝራር ማስታወቂያ መስሏት ለመዝጋት «ኤክስ» ምልክት እየፈለገች ነበር።